የሳልገኝ መንጠቆ

ከበሬ ብልቶች ሁሉ ስሟ ግራ የሚያጋባው ሳልገኝ ናት። የሚቆርጣት ይቆርጣታል፣ የሚበላትም ይበላታል፤ ለምን እንዲህ ተባለች ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በእንድርብ ተራራ ሆድ ውስጥ የሚኖሩት ድንኮች መልሱን ያውቁታል። ስለ እሷ አንድ አባባል አላቸው፤ አባባሉም የወጣው ከሸንጎ አይደለም፣ ከሥጋ ቤት ነው።

ነገሩ ከመሆኑ በፊት ሁሉ ነገር በየቦታው ነበር። የእመት አንጓች ሥጋ ቤት ከቆፋሪዎች ጉድጓድ አፍ ፊት ለፊት ይገኛል። በሩ በድንክ ቁመት የተጠረበ ነው። ከውስጥ በግድግዳው ላይ መንጠቆዎች በአንድ መስመር ተተክለዋል፤ እያንዳንዱ ብልት የራሱ መንጠቆ አለው። ስትገቡ በስተቀኝ ሻኛ፣ ቀጥሎ ዳቢት፣ ጎድን፣ ሽንጥ፣ ከዚያ የጭኑ ሥጋዎች ታላቅና ታናሽ ጎን ለጎን። ድንክ ስለማይደርስባቸው ከሥራቸው ረጅም በርጩማ ይቆማል። የመጨረሻው መንጠቆ ግን ከውጭ ነው፤ ከበሩ በላይ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣ ሰው ቀና ሲል መጀመሪያ በሚያየው ቦታ ላይ። እሱ የሳልገኝ መንጠቆ ነው።

በእንድርብ ልማድ ሳልገኝ አትሸጥም። በማዕድ ላይ ላልተገኘ ሰው ትቀመጣለች። መንገድ የሄደ ካለ ለእሱ፣ የታመመ ካለ ለእሱ፣ ሁሉም በቤቱ ካለ ደግሞ ለድሃ ትሰጣለች። ናዳ የዋጠው ሰው ሲኖር ግን መንጠቆው ሌላ ነገር ይናገራል። ሥጋዋ እስከተሰቀለች ድረስ «ወገኑ ይጠብቃል፣ ቆፍሩ» ማለት ነው። ከወረደች «ተስፋ ቆርጠናል፣ ዶማችሁን ጣሉ» ማለት ነው። ይህ ለምን በአፍ አይነገርም ቢሉ፣ እናት በገዛ አፏ «ልጄ ሞቷል» እንዳትል ተብሎ ነው።

በዚያ ሰሞን ናዳ የዋጠው የእመት አንጓች የበኩር ልጅ ይበልጣል ነበር። ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቁ ዶማ፣ ታናሹ ቢላዋ ይዘው ነበር ያደጉት። ታናሹ ማንያዘዋል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ በዳዴ እየሄደ ከእጇ ሲያመልጥ አይታ።

ወንድሙ ከጠፋ ወዲህ ማንያዘዋል መቀመጥ አቃተው። የተሳለ ቢላዋ መልሶ ይስላል፣ የጠረገውን ገበታ መልሶ ይጠርጋል፣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ቀና ብሎ መንጠቆውን ያያል፣ ይመለሳል። የቆፋሪዎቹ ዶማ ድምፅ በአለቱ ውስጥ አልፎ ከገበታው ይደርስ ነበር፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። በገበታው ላይ የተጋደመው ቢላዋ በየምቱ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። ማንያዘዋል ሥጋ ሲቆርጥ እጁ ሳያውቀው ያንን ምት ይከተላል፤ እነሱ ሲፈጥኑ ይፈጥናል፣ እነሱ ሲያዘግሙ ይበሳጫል።

ያን ቀን ጠዋት እናቱ እንደ ልማዷ ልታዳምጥ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ስትወርድ፣ «ቤቱን ጠብቅ» አለችው። «ሌላው በሬ ከቀትር በፊት ከቆላ ይደርሳል። እስከዚያ ከግድግዳው ያለውን ሽጥ። ተቀመጥ ደግሞ፣ ተቀምጠህ ሽጥ።»

«እቀመጣለሁ እማዬ።»

እሷ ከጉድጓዱ መታጠፊያ ሳታልፍ ተነሣ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ጓ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የሰው ጩኸት። ከወደ ቆላ የመጣ አንድ ረጅም ሰው ግንባሩን ይዞ ጎንብሶ ቆሟል።

«እናንተ ቤቶች! ጣሪያውን ዝቅ አድርጋችሁት ነው ወይስ እኔ ዛሬ ረዘምኩ?»

«ጣሪያውስ ከአያቴ ጀምሮ አልተነቃነቀም» አለ ማንያዘዋል። «ጎንበስ ይበሉ ጌታዬ።»

«ከመጣሁ ጀምሮ ስጎነብስ ነው የዋልኩት!» ሰውየው ገብቶ አንዲት አጭር የድንክ መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከጆሮው ደረሱ። የአንድ ትልቅ ሠርግ አጋፋሪ ሲሆን ስሙ ዘለቀ ይባላል። «ቸኩያለሁ ወንድሜ። አንድ በሬ እፈልጋለሁ፣ ብልቱ ሙሉ የሆነ። የሙሽራዋ አጎቶች ሥጋ አይበሉም፤ እንከን ነው የሚበሉት። እያንዳንዱን ብልት በስም እየጠሩ ነው የሚረከቡኝ።»

«ያለው ዛሬ ማለዳ የታረደ ነው። ከአንዷ በቀር ሙሉ ነው።»

«አንዷ ማን ናት?»

«ሳልገኝ። እሷ አትሸጥም።»

አጋፋሪ ዘለቀ አንገቱን ወደ ውጭ አስግጎ መንጠቆውን አየ። «ያቻትና ተሰቅላለች።»

«ለወንድሜ ናት። ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው።»

«ፈጣሪ ያውጣው» አለ አጋፋሪው፤ ከልቡም ነበር። ግን ተነሣ። «እንግዲያው አልተገናኘንም። ከማዶው ተራራ እሞክራለሁ። ሙሽሮቹ ሊደርሱ ነው።»

ማንያዘዋል እስከ በሩ ተከትሎት ወጣ። በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር አሰበ። ሌላው በሬ ከቀትር በፊት ይደርሳል፤ ያም ሳልገኝ አለው። ቆፋሪዎቹ ከማታ በፊት ከጉድጓዱ አይወጡም። መንጠቆው ባዶ የሚሆነው ለአንድ አፍታ፣ ማንም በማያይበት ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ሲታሰብ ትክክል ነበር። ከሥሩ ደግሞ ሊያስበው ያልፈለገው ሌላ ነገር ነበር፤ ያችን ሥጋ ማየት ሰልችቶታል። ለአንድ ጠዋት ያህል እንኳ ቀና ሲል ምንም ባያይ ወደደ።

«ቆይ» አለ። በርጩማውን አምጥቶ ወጣበትና አወረዳት። መንጠቆው ባዶውን ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በጥድፊያ ሆነ። ከውጭ ይጠብቁ የነበሩት የአጋፋሪው ሁለት አጫጭር ተሸካሚዎች ሥጋውን በቁርበት ጠቅልለው ተሸከሙ። አጋፋሪው የጨው አሞሌውን ከገበታው ላይ ደረደረና ዞር አለ።

«ሞራውስ?» አለ ማንያዘዋል።

«ሞራ ብልት አይደለም። ለኩራዝህ አድርገው። መውጫው በየት ነው?»

«በሰፊው በር ይሂዱ። ዙሪያ ነው፣ ግን ይሻላል።»

«ዙሪያ ለመሄድ ጊዜ የለኝም። አጭሩ የቱ ነው?»

«ጎንበስ በር። እሱ ግን ለእኛም ጎንበስ ነው።»

«ጎንበስ ማለትንማ ዛሬ ለምጄዋለሁ!» ብሎ አጋፋሪው ተሸካሚዎቹን አስቀድሞ ሄደ።

ማንያዘዋል ወደ ገበታው ተመለሰ። ቢላዋውን አንሥቶ ሊያጥብ ሲል እጁ ቆመ። ቢላዋው አይንቀጠቀጥም። ጆሮውን ከግድግዳው ላይ አደረገ። አለቱ ዝም ብሏል።

በጉድጓዱ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነበር። ቆፋሪዎቹ ከጠንካራ ጥቁር አለት ደርሰው የዶማቸው ጫፍ ዶለዶመ። በእንድርብ ዶማ የሚሳለው በእመት አንጓች ሥጋ ቤት በር ባለው ትልቅ የመሳያ ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ የቆፋሪዎቹ አለቃ ጉልላት ሰዎቹን ይዞ ዶማዎቹን ሊስል ወጣ፤ ሲወጣም እንደ ማንኛውም ሰው ቀና አለ።

ማንያዘዋል ወደ ውጭ ሲወጣ ዶማዎቹን መሬት ላይ ተጋድመው አገኛቸው። አለቃ ጉልላት ከአለቱ በሚንጠባጠበው ውሃ እጁን እየታጠበ ነበር። በድንኮች ዘንድ ቆፋሪ በሥራ መሐል እጁን የሚታጠበው ለሞተ ሰው ብቻ ነው።

«አለቃ! ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ፈጣሪ ያጽናህ ልጄ» አለ አለቃ ጉልላት።

«አልሞተም እኮ!»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁም፤ ሸጥኳት እንጂ! ሥጋዋን ሸጥኳት፣ በሬው እስኪመጣ፣ ለአንድ አፍታ ብዬ...»

ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ሳልገኝ ስትሸጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ።

«ማንያዘዋል» አለ አለቃው በዝግታ። «ከላያችን ያለው አለት የቆመው በእንጨት ነው። በእያንዳንዱ ምት አቧራ ይረግፍብናል። እነዚህ ሰዎች ልጆች አሏቸው። ያዘነ ሰው ቆፍሩ ይላል፣ ተዉ ይላል፣ መልሶ ቆፍሩ ይላል። በአፍ ብንሄድ ስንቱን በቀበርን ነበር! እኔ የምሰማው መንጠቆውን ነው።»

ማንያዘዋል ሮጦ ገባ። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ሻኛ የለም፣ ታናሽ የለም። በማዕዘኑ ሞራው ብቻ ተቀምጧል። አነሣው፣ በእጁ ድቡልቡል አደረገው፣ በራሱ ስስ ሽፋን ጠቀለለው፣ በርጩማው ላይ ወጥቶ ሰቀለው። ከሩቅ ሲያዩት ሥጋ ይመስላል።

አለቃ ጉልላት ቀርቦ አላየውም። ባለበት ሆኖ በአፍንጫው ሳበ።

«ሞራ ነው።»

«አለቃ...»

«ለኩራዝ የሚሆነውን ለወንድምህ ሰቀልክለት?»

በዚህ መሐል እመት አንጓች ከጉድጓዱ አፍ እየወጣች ነበር። ድምፁ ሲቆም እሷም ሰምታለች። መንጠቆውን አየች፣ የተጋደሙትን ዶማዎች አየች፣ የአለቃውን እርጥብ እጅ አየች። የመሳያ ድንጋዩን ያዘች።

«ማን አወረዳት?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ማን ወሰዳት?»

«የሠርግ አጋፋሪ። በጎንበስ በር ሄደ።»

ለጥቂት ጊዜ አየችው። ሊመታው ከሚችል ዱላ ሁሉ ያ አስተያየት ይከብድ ነበር። «ዕድሜህን ሙሉ ያለ ሥራ ስትቸኩል ኖረሃል» አለችው። «ዛሬ ችኮላህ ሥራ አገኘ። ሩጥ!»

ሮጠ። ሞራውን ከመንጠቆው ነጥቆ እንደያዘ እንኳ ልብ አላለም።

ጎንበስ በር በር ይባል እንጂ ጠባብ የአለት ቦይ ነው። ድንክ አንገቱን ደፍቶ ይሮጥበታል፤ ረጅም ሰው ግን በእጁና በጉልበቱ መዳህ አለበት። ማንያዘዋል ኩራዙን ይዞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በየመታጠፊያው ትከሻውን እየተላተመ ሄደ። ከኋላው ያለው ዝምታ ያሳድደው ነበር። እያንዳንዷ እርምጃ ወንድሙ የማይቆፈርለት ጊዜ ናት።

በመጨረሻ ኩራዙ ሁለት የጫማ ሶሎችን አበራ።

«ማነው?» አለ ከፊት የታፈነ ድምፅ።

«ሥጋ ሻጩ!»

«ዋጋህን ከፍዬሃለሁ! ደግሞ ምን ቀረህ?»

«ሳልገኝን ይመልሱልኝ!»

«አንተ ሰው፣ መጀመሪያ እኔን ራሴን ማን ይመልሰኝ! ወገቤ ተቀርቅሮ ወደፊትም ወደኋላም አልል ብያለሁ!»

ማንያዘዋል በጎን ሊያልፍ ሞከረ፤ መንገድ የለም። አጋፋሪው ቦዩን እንደ ጠርሙስ ቡሽ ወትፎታል። ሥጋውና ተሸካሚዎቹ ከወዲያ ናቸው።

«ተሸካሚዎቹን ይጥሯቸው! ሥጋዋን በጎንዎ ያሳልፉልኝ!»

«በጎኔ ነፋስ አያልፍም፣ ሥጋ ያልፋል? ደግሞ እነሱ ምሳ ጀምረዋል። ሲያላምጡ እየሰማኋቸው ነው።»

«ምኑን ነው የሚበሉት?»

የአጋፋሪው ድምፅ ቀነሰ። «‹ለስላሳ ናት፣ ከዳር ያለችዋን እንጨርሳት› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ከጥቅሉ ዳር የታሰረችው ሳልገኝ ነበረች፤ በመጨረሻ ስለወረደች። ማንያዘዋል ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ጩኸቱ በአጋፋሪው ሰውነት ታግዶ ወደ ራሱ ተመለሰ። በእጁ ያለውን ለመወርወር ሲያነሣው ያኔ ገና አየው። ሞራ ነው።

«ልብስዎን ከወገብዎ ይሰብስቡ!»

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ላወጣዎት ነው። ከወጡ ሳልገኝን ይሰጡኛል?»

«አጎቶቹ ይበሉኛል እኮ!»

«እንግዲያው ደህና ይዋሉ።»

«ቆይ! ቆይ እሰጥሃለሁ፣ አውጣኝ ብቻ!»

ሞራውን በኩራዙ ነበልባል አለስልሶ ሰውየውን ከዳሌ እስከ ጎድን፣ የደረሰበትን አለትም ጨምሮ ለቀለቀው። ከዚያ ራሱን እንደ በሬ ደፍቶ፣ ግንባሩን ከጫማው ሶል አድርጎ ገፋ። አጋፋሪው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተሳደበ፣ በሦስተኛው ሾልኮ ወደ ብርሃን ወደቀ። ማንያዘዋልም በላዩ ላይ ወደቀ።

ሁለቱ ተሸካሚዎች አፋቸው እንደሞላ ቀሩ። በቁርበቱ ላይ ከሳልገኝ የተረፈችው ጭብጥ የማትሞላ ቁራጭ ነበረች፤ የጥርስ ምልክት ያለባት።

ማንያዘዋል ዓይኑን ጨፈነ። አጋፋሪው ግን የተገፈፈ ጎኑን እያሻሸ ቁራጯን አንሥቶ በእጁ አስያዘው። «ሂድ። አጎቶቹ ሳልገኝ የታለች ቢሉኝ፣ ስሟ ነው፣ አልተገኘችም እላቸዋለሁ።»

የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው ረዘመበት። ሲደርስ ቆፋሪዎቹ በዶማዎቻቸው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አንድም ሰው አልሄደም። እናቱ ጆሮዋን ከአለቱ ላይ አድርጋለች። በርጩማው ላይ ወጣ፤ ሁለቴ ሳተ፣ በሦስተኛው ሰቀላት።

አለቃ ጉልላት ቀርቦ በአፍንጫው ሳባት፣ በጣቱ ነካት፣ የሥጋዋን መስመር በኩራዝ አየ።

«እሷ ናት» አለ። «ትንሽ ናት። ግን እሷ ናት።» ዞሮም ለሰዎቹ «ቶሎ ሳሉ!» አለ።

ብረት ከድንጋይ ተፋጨ፤ ቆፋሪዎቹ ወረዱ። ማንያዘዋል ወደ ገበታው ሮጠና ቢላዋውን አየ። ተጋድሟል። ጠበቀ። ከዚያ የቢላዋው ጫፍ ነዘር አለ። ኳ። ኳ። ኳ።

ያን ጊዜ ከቤት ወደ በር፣ ከበር ወደ ቤት ሲል ወለሉን ሊፈጀው ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ እንደገና ቆመ። ይህ ሁለተኛው ዝምታ ከመጀመሪያው ባሰበት፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረው መንጠቆ የለምና። ገበታውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

የእናቱ እልልታ ከጉድጓዱ ወጣ።

ይበልጣልን በቁርበት ተሸክመው አወጡት። ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ግን ሕይወት ነበረው። ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ሰው ቀና ብሎ የተገመጠችውን ቁራጭ አየ።

«ማነው የጀመረልኝ?» አለ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ። ቆፋሪዎቹ ሳቁ። ማንያዘዋል አልሳቀም።

ውሃ በጠብታ ከሰጡት በኋላ ይበልጣል ዝግ ብሎ ተናገረ። «ስትቆፍሩ እሰማችሁ ነበር። እየቀረባችሁ ነበር። ዛሬ ግን ጸጥ አላችሁ። ‹እናቴ አወረደችኝ› አልኩና ኩራዜን እፍ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መልሳችሁ ስትጀምሩ የራሴ ልብ መሰለኝ።»

እመት አንጓች የልጇን ራስ በጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ማንም አላየችም።

በሬው ከቀትር በኋላ ዘግይቶ ከቆላ ደረሰ። እመት አንጓች ራሷ ብልቱን አወጣች፤ ጎረቤቱና ቆፋሪው ሁሉ በበርጩማዎቹ ላይ ተቀመጠ። አለቃ ጉልላት ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እሱ ተመልሶ ጉድጓድ ገብቶ ነበር። ማንያዘዋል ከማዕዱ ጫፍ ነበር። ጠዋት ከሸጠ ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ ሆዱ ይጮሃል። ሳህኑ ከፊቱ ሲያልፍ እጁን ዘረጋ።

አለቃ ጉልላት በዚያ ቅጽበት ከኋላው ደረሰ። አቧራው ገና ከጢሙ አልረገፈም። ጎንበስ ብሎ ግራ ክንዱን በማዕዱ ላይ፣ በማንያዘዋል እጅና በሳህኑ መካከል አጋደመው፤ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ።

«ለክቼው መጣሁ» አለ። «ዶማችንን ከጣልንበት ቦታ ወንድምህ እስከተኛበት ድረስ ያለው አለት ይህን ያህል ነው። አንድ ክንድ፣ ከዚያ አይበልጥም።»

ማንያዘዋል ክንዱን አየ። የዘረጋውን እጅ ቀስ አድርጎ ሰበሰበ።

ክንዱን ሳያነሣ፣ በበሩ በኩል ወደ ውጭ፣ አዲሷ ሥጋ ገና ወዳልተሰቀለችበት መንጠቆ እያየ፣ ሽማግሌው አለቃ በይበልጣል አፍ ሆኖ እንዲህ አለ፦ «ሳልገኝን የበላ፣ ስገኝ ምን ሊበላ?»